የወታደሩ ቁጥርና የመልእክቱ ጉዳይ፦ ኤች አይ ቪ በሳንባ ውስጥ ስለሚያዛባው የመከላከያ ልውውጥ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

ስለ ኤች አይ ቪ በአማርኛ በተዘጋጁ የጤና ትምህርት ጽሑፎች ውስጥ ከሁሉም ይልቅ ሥር የሰደደው ምሳሌ የወታደር ምሳሌ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት የሰውነት ወታደሮች መሆናቸው፣ ቫይረሱ እነዚህን ወታደሮች እየገደለ ቁጥራቸውን የሚያመናምን መሆኑ፣ ቁጥራቸው ሲመናመንም ሳንባ ነቀርሳንና የሳንባ ምችን የመሳሰሉ ተጓዳኝ በሽታዎች ሰውነትን እንደሚያጠቁ ለኅብረተሰቡ ሲነገር ኖሯል። ምሳሌው ቀላልና በቶሎ የሚያዝ በመሆኑ ብዙ ጠቅሟል። ሰዎች እንዲመረመሩና መድኃኒት እንዲጀምሩ በማድረግ ረገድ ያበረከተው አስተዋጽኦም የሚናቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ ለሕዝብ ትምህርት የተዘጋጀ ምሳሌ ቀስ በቀስ የባለሙያ አስተሳሰብ ሆኖ ሲቀር ጉዳት ያስከትላል። የሲዲ4 ቁጥሩ ከፍ ያለ ታማሚ እያሳለው ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ “ቁጥሩ ጥሩ ነው” ተብሎ ያለ አክታ ምርመራ ከተሸኘ፣ ጉዳዩ የምሳሌ መሆኑ ይቀርና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ የወታደሩ ምሳሌ ምን እንደሚያስረዳና ምን እንደሚሸፍን ከመሠረቱ መመርመር ይገባል። የዚህ ዳሰሳ ዋና ነጥብም ኤች አይ ቪ ሳንባን የሚጎዳው የመከላከያ ሕዋሳትን ቁጥር በመቀነስ ብቻ ሳይሆን፣ ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡትን መልእክት በማዛባት ጭምር መሆኑንና ይህም መዛባት በክንድ ደም ቆጠራ የማይታይ መሆኑን ማሳየት ነው።

የቁጥሩ ማብራሪያ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች

የቁጥሩ ማብራሪያ ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ፣ የሳንባ ነቀርሳ ተጋላጭነት የሲዲ4 ቁጥር ሲያሽቆለቁል አብሮ በዝግታ ይጨምር ነበር። እውነታው ግን ከዚህ ይለያል። በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሞ የወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በሠራተኞቹ ላይ የሳንባ ነቀርሳ የመከሰት መጠን ቫይረሱ በያዛቸው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ብቻ በእጥፍ ጨምሯል። ንጽጽሩ የተደረገው በዚያው የማዕድን ሥራ ላይ ከተሰማሩ፣ ቫይረሱ ከሌለባቸው ሠራተኞች ጋር በመሆኑ፣ ልዩነቱን የማዕድን አቧራ ያመጣው ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በዚህ የመጀመሪያ ዓመት ውስጥ የአብዛኞቹ ሰዎች የሲዲ4 ቁጥር ገና ለአደጋ የሚያሰጋ ተብሎ ከሚታሰበው ደረጃ አልወረደም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከሌላው ጫፍ የሚነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቀደም ያሉ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ትንተና፣ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና የሳንባ ነቀርሳን የመከሰት መጠን 65 በመቶ ያህል እንደሚቀንስና ቅነሳውም በሁሉም የሲዲ4 እርከኖች እንደሚታይ አረጋግጧል። ይህ ታላቅ ውጤት ነው። ቢሆንም ሕክምናውን በአግባቡ የሚወስዱና ቁጥራቸው ያገገመ ሰዎች እንኳ ቫይረሱ ከሌለባቸው ሰዎች ይልቅ ለሳንባ ነቀርሳ የተጋለጡ እንደሆኑ ይቀራሉ። ወታደሩ ተመልሶ ሳለ ምሽጉ ለምን አልጠናም? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከቆጠራው ወደ ልውውጡ መሻገር ያስፈልጋል።

በጤናማ ሳንባ ውስጥ ያለው ልውውጥ

በጤናማና በማያጨስ ሰው ሳንባ ውስጥ፣ የአየር ከረጢቶችን በማጠብ ከሚገኙት ሕዋሳት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ማክሮፌጆች ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ወደ አየር ከረጢት ሲደርስ በመጀመሪያ የሚውጡት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን መዋጥ መግደል አይደለም። ባክቴሪያውን ከውጡ ሕዋሳት የሚወጣው ኢንተርሉኪን 12 የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን የሲዲ4 ሕዋሳትን ያነሣሣል፤ እነዚህም በተራቸው ኢንተርፌሮን ጋማን ያመነጫሉ፤ ይህ መልእክት ወደ ማክሮፌጁ ሲመለስ የመግደል ኃይሉን ይቀሰቅሳል። ቲዩመር ኔክሮሲስ ፋክተር አልፋ ደግሞ ሕዋሳቱ ተሰባስበው ባክቴሪያውን የሚያጥሩበትን ግራኑሎማ ይገነባል፤ ያጸናልም። ኢንተርሉኪን 10 በበኩሉ ቁጣው መጠኑን አልፎ ሳንባውን ራሱን እንዳያፈርስ የማብረድ ሥራ ይሠራል።

የዚህ ልውውጥ መቋረጥ ብቻውን ለበሽታ እንደሚያጋልጥ ሁለት የታወቁ ማስረጃዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የኢንተርፌሮን ጋማ ተቀባይ በተፈጥሮ የጎደላቸው ሕፃናት፣ ሌላውን ሰው እምብዛም በማይጎዱ የነቀርሳ ዘመድ ባክቴሪያዎች፣ በቢሲጂ ክትባት ውስጥ ባለው ሳይቀር፣ በጽኑ እንደሚታመሙ ተገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ለመገጣጠሚያ ቁጣና ለመሰል ሕመሞች ኢንፍሊክሲማብ የተባለውን ቲዩመር ኔክሮሲስ ፋክተርን የሚያግድ መድኃኒት ከወሰዱ ሰዎች መካከል 70 የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች መመዝገባቸው ተዘገበ፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በሽታው ከሳንባ ውጭ ጭምር የታየባቸው ነበሩ። በሁለቱም አጋጣሚዎች ኤች አይ ቪ የሲዲ4 ሕዋሳትን አልጨረሰም። የጎደለው መልእክቱ ወይም መልእክቱን የሚቀበለው ጆሮ ነው።

ጩኸት የበዛበት፣ መልእክት የጠፋበት ሳንባ

ኤች አይ ቪ በዚህ ልውውጥ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አይደለም። ከቀድሞ ጀምሮ እንደሚታወቀው፣ ገና ምልክት ባልታየባቸው ሰዎች ሳንባ ውስጥ የሲዲ8 ሕዋሳት በብዛት ይከማቻሉ፤ የመጥሪያ ፕሮቲኖችና ኢንተርፌሮን ጋማም ያለ ግልጽ ወራሪ ከፍ ብለው ይገኛሉ። ይህን ብቻ የሚመለከት ሰው ሳንባው ይበልጥ ነቅቶ የሚጠብቅ ሊመስለው ይችላል። በአንጻሩ እነዚያው ሕዋሳት ተወስደው በቤተ ሙከራ ውስጥ ለሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ሲጋለጡ የሚሰጡት ምላሽ ደካማ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ የጠቅላላው ጩኸት መጨመርና የተለየው መልእክት መድከም በአንድ ሳንባ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ ማለት ነው።

የድክመቱ መነሻ በየደረጃው ተጠንቷል። በቦስተን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች የሳንባ ማክሮፌጆች ኒሞሲስቲስን የሚለዩበት የማኖዝ ተቀባይ እንደሚቀንስና የመዋጥ ችሎታቸውም አብሮ እንደሚደክም አሳየ። ከዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሌላ ሥራ፣ በሳንባ ነቀርሳ የተጠቃው ማክሮፌጅ ራሱን በሥርዓት አጥፍቶ ባክቴሪያውን መጠለያ የሚያሳጣበት መንገድ በእነዚህ ሰዎች እንደሚሰናከል ገለጸ። ለመሰናከሉም ከፍ ያለው የኢንተርሉኪን 10 መጠንና ቢ ሲ ኤል 3 የተባለው ፕሮቲን ድርሻ እንዳላቸው አመለከተ። በብላንታይር፣ ማላዊ፣ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ ቫይረሱ ትንንሾቹን የሳንባ ማክሮፌጆች መርጦ እንደሚያጠቃና የመዋጥ ኃይላቸውን እንደሚያደክም አስረድቷል።

በሲዲ4 ሕዋሳት በኩልም ሞቱ በዕጣ የሚወድቅ አይደለም። በምቤያ፣ ታንዛኒያ፣ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት፣ የሳንባ ነቀርሳን የሚያውቁት የሲዲ4 ሕዋሳት ከሌሎቹ ቀድመው በቫይረሱ እንደሚጠቁና እንደሚመናመኑ አሳይቷል። አንዱ ምክንያት መልእክቱ ራሱ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ኢንተርሉኪን 2 በብዛት ሲያመነጩ፣ ቫይረሱ የሚገባበትን በር የሚሸፍነውን ኤም አይ ፒ 1 ቤታን ግን እምብዛም አያመነጩም። ስለዚህ ጠቅላላው ቁጥር ገና ሳይወርድ፣ ለሳንባ ነቀርሳ አስፈላጊ የሆነው ክፍል አስቀድሞ ሊሳሳ ይችላል። ይህም ከወርቅ ማዕድን ሠራተኞቹ ውጤት ጋር የሚስማማ ነው።

ከሁሉ የከፋው ሰውነት ለእርዳታ የሚልከው ጥሪ ቫይረሱንም የሚቀሰቅስ መሆኑ ነው። በባክቴሪያው የሚነሣው ኤን ኤፍ ካፓ ቢ የተባለው የሕዋስ ውስጥ መልእክተኛ የመከላከያ ጂኖችን እንደሚያበራ ሁሉ የቫይረሱንም መራቢያ ያበራል። እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት፣ በአንድ ታማሚ ሳንባ ውስጥ በነቀርሳ ከተጠቃው ክፍል የተወሰደው እጥበት ካልተጠቃው ክፍል ይልቅ ብዙ ቫይረስ ይዞ ተገኝቷል። የአንድ ሰው ሁለት የሳንባ ክፍሎች ይህን ያህል ከተለያዩ፣ ከክንድ የተወሰደ ደም ለሁለቱም ይመሰክራል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

ማስረጃው ራሱ ሲመዘን

የቁጥሩን ማብራሪያ የሚነቅፍ ሰው የመልእክቱንም ማብራሪያ በዚያው ሚዛን መመዘን ይጠበቅበታል። በመጀመሪያ ደረጃ፣ አብዛኛው እውቀት የተገኘው በብሮንኮስኮፒ አማካይነት ሳንባን በጨው ውኃ አጥቦ ፈሳሹን በመመርመር ነው። ይህ ዘዴ የአየር ከረጢቱን ይዘት እንጂ በግድግዳው ውስጥና በግራኑሎማው ውስጥ ያለውን ልውውጥ አያሳይም። ፈሳሹ የሚቀጥንበት መጠንም ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ይህን ያህል ሳይቶካይን ተገኘ የሚል ውጤት በጥንቃቄ መነበብ አለበት።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ቲዩመር ኔክሮሲስ ፋክተር በኤች አይ ቪ ምክንያት “ይጨምራል” የሚሉና “ይቀንሳል” የሚሉ ጽሑፎች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ይመስላሉ። ብዙውን ጊዜ ግን የለኩት ነገር የተለያየ ነው፤ አንዱ ያለ ቀስቃሽ የሚወጣውን፣ ሌላው ለባክቴሪያው ምላሽ የሚሰጠውን ለክቷል። ይህን ልዩነት ሳይገልጽ “ሳይቶካይን ከፍ አለ” ብሎ የሚደመድም ጽሑፍ አንባቢውን ያሳስታል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ለብሮንኮስኮፒ ፈቃደኛና ብቁ የሚሆኑት በአብዛኛው ምልክት የሌለባቸው ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ የተገኘ ውጤት እየተነፈሰ ለሚቸገር ጽኑ ታማሚ በቀጥታ አይተላለፍም።

የእንስሳት ጥናቶችም እንዲሁ ሁለት ገጽ አላቸው። በሰው ኤች አይ ቪ ምትክ የዝንጀሮ አቻ ቫይረስ በተሰጣቸው ማካኮች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ የሳንባ ሲዲ4 ሕዋሳታቸው እጅግ ከተመናመኑ በኋላ እንኳ አንዳንዶቹ እንስሳት አንቀላፍቶ የነበረውን ነቀርሳ ሊቆጣጠሩ እንደቻሉ አሳይቷል። ይህ ለመልእክቱ ማብራሪያ ጠንካራ ድጋፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ደግሞ የፀረ ቫይረስ ሕክምናው የነቀርሳውን መቀስቀስ እንዳላስቀረ ገልጿል። ይህን ሁለተኛ ውጤት ነጥሎ ይዞ ሕክምናው ነቀርሳን አይከላከልም ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ከላይ የተጠቀሰው የ65 በመቶ ቅነሳ በሰዎች ላይ የታየ ነውና፣ የእንስሳቱ ውጤት የሚጠቁመው ጥበቃው ሙሉ አለመሆኑን ብቻ ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚታከል ነጥብም አለ። በኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት አማካይነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት፣ ኤች አይ ቪ የሌለባቸው ጤናማ ኢትዮጵያውያን አማካይ የሲዲ4 ቁጥር ከኔዘርላንዳውያን ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ሰዎችን የመረመረ ጥናት፣ በአንጀት ትላትል ምክንያት የሚመጣ ሥር የሰደደ የመከላከያ መነቃቃት በሊምፎሳይቶች ውስጥ የሚደረገውን የመልእክት ቅብብሎሽ እንደሚያዳክም አመልክቷል። ሁለቱም የደም ጥናቶች እንጂ የሳንባ ጥናቶች አይደሉም። ሆኖም በሌላ አገር ሕዝብ ላይ የተወሰነ ቁጥር በየትም ቦታ አንድ ዓይነት ትርጉም ይሰጣል የሚለውን ግምት ያናጋሉ።

ከሕክምና በኋላ

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሳንባ ውስጥ ያለውን ቫይረስ ይቀንሳል፤ የሲዲ8 ሕዋሳት ክምችትንም ያረግባል። ነገር ግን ሁሉን አያጠራም። በአትላንታ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ሕክምና ላይ ባሉና ጤናማ በሚመስሉ ሰዎች የሳንባ ማክሮፌጆች ውስጥ ቫይረሱ ተገኝቷል። በማላዊም ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች የሳንባ ሲዲ4 ሕዋሳት ለነቀርሳ ባክቴሪያ የሚሰጡት ምላሽ ሙሉ በሙሉ አለማገገሙ እ.ኤ.አ. በ2014 ታውቋል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መልእክቱ ይመለሳል፤ ገደቡ ግን አብሮ አይመለስም። ነቀርሳ ያለበትና ሲዲ4 ቁጥሩ እጅግ ዝቅ ያለ ታማሚ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በጀመረ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳቱና የሳንባው ቁጣ ሊባባስ ይችላል። በኬፕታውን 240 ታማሚዎችን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሙከራ፣ ሲዲ4 ቁጥራቸው 100ና ከዚያ በታች ለሆኑ ታማሚዎች ለአራት ሳምንት የተሰጠ ፕሬድኒሶን ይህን ክስተት ከ46.7 በመቶ ወደ 32.5 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። ወታደር በመጨመር ብቻ የሚለካ አስተሳሰብ ወታደሩ ሲመለስ ታማሚው ለምን እንደሚብስበት ሊያስረዳ አይችልም። የልውውጡ ማብራሪያ ግን ያስረዳል።

የሳንባ አሠራርም በራሱ መንገድ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ1000 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ የታተመ ጥናት፣ ሕክምናን ወዲያውኑ መጀመርና ማዘግየት በሳንባ የመተንፈስ አቅም ማሽቆልቆል ላይ በአጭር ጊዜ ልዩነት እንዳላመጡ ገልጿል። በሐራሬና በብላንታይር፣ በውልደት ቫይረሱ የያዛቸውና ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው 347 ልጆችና ወጣቶች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሙከራም፣ በየሳምንቱ የተሰጠው አዚትሮማይሲን የመተንፈስ አቅማቸውን ሳያሻሽል ድንገተኛ የሕመም መባባስን ብቻ ቀንሷል። አስቀድሞ የጠበበውን ትንሽ የአየር መተላለፊያ መልሶ መክፈት አልተቻለም።

ለጤና ሠራተኛው ምን ይላል?

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው የሲዲ4 ቆጠራ ከንቱ ነው የሚል መደምደሚያ አይደለም። የበሽታውን መክፋት ለመለየት፣ ከ200 በታች የሆኑትን ታማሚዎች ለልዩ ክትትል ለመምረጥ፣ የኒሞሲስቲስና የክሪፕቶኮከስ አደጋን ለመገመት ቆጠራው ዛሬም አስፈላጊ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሕክምና መጀመሪያ ገደቡን እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ ካደረገ በኋላ በ2015 ገደቡን ጨርሶ ማንሣቱ ግን ቁጥሩ የማይናገረው ብዙ ነገር እንዳለ የመቀበል ያህል ነው።

ሊታረም የሚገባው ቁጥሩን ለሳንባው ጤንነት ማስረጃ አድርጎ የመጠቀም ልማድ ነው። ቫይረሱ ያለበት ሰው ሳል፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ወይም የሌሊት ላብ ካለበት፣ ቁጥሩ 150ም ይሁን 700 ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። የመከላከያ ሕክምናም ንቁ ነቀርሳ እንደሌለበት ለተረጋገጠ ሰው የሚሰጠው የሲዲ4 ደረጃው ሳይታይ ነው፤ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እየወሰደ መሆኑም የሚያስቀረው አይደለም። የአክታ ምርመራው ነጻ የሆነ ታማሚ ሁሉ ነቀርሳ አለበት ወይም ሁሉም የለበትም ማለትም አይቻልም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሳንባ እጥበት ታግዞ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት፣ አክታቸው ነጻ በሆነ ታማሚዎች መካከል ኒሞሲስቲስም እንደሚገኝ አረጋግጧል። ለዓመታት ሕክምና ላይ ቆይቶ የሚያስለው፣ ደረጃ ሲወጣ የሚደክመውና የኦክስጅን መጠኑ የሚወርድ ልጅም ያለ ማስረጃ የነቀርሳ መድኃኒት ደጋግሞ ከሚጀመርለት ይልቅ የሳንባው አሠራር ቢለካ ይሻላል።

በሌላ በኩል የሳይቶካይን ምርምር ገና ለአልጋ አጠገብ ውሳኔ የሚሆን መለኪያ አላስገኘም። በአንድ ታማሚ ላይ የኢንተርሉኪን 10ን መጠን ለክቶ መድኃኒት የሚያዝበት ደረጃ ላይ አልተደረሰም። የዚህ እውቀት ጥቅም አሁን ባለው ሁኔታ ጥርጣሬን በትክክለኛው ቦታ ማስቀመጥ ነው። የወታደሩ ምሳሌ በሥልጠና ላይ መነገሩ ይቀጥል ይሆናል። አብሮት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ሊታከልበት ይገባል፤ ሳንባው ውስጥ ያሉት ጠባቂዎች እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን ከክንድ የተቀዳ ደም አይናገርም፤ የሚያስለው ታማሚ አክታ ግን ቢመረመር ይናገራል።